የስንዱ እንቅብ

ተረት ተረት!

ቆይ፣ «የላም በረት» አትበሉኝ። ዛሬ ላም የለችበትም። ዛሬ የምነግራችሁ የጓሮ ነገር ነው። «የጓሮ አትክልት» በሉኝ። እንደገና ልበል።

ተረት ተረት!

፦ የጓሮ አትክልት!

እሰይ። ቀስ ብላችሁ ግን፤ ሕፃኑ ገና አሁን ነው የተኛው። ጠጋ ጠጋ በሉ። አያቴ እንደነገረችኝ ነው የምነግራችሁ። እሷ ስትነግረኝ ተረቱ ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አሁን ተረቱ ገባኝ፣ እንቅልፉ ግን ጠፋ። እንግዲህ ስሙ።

በድሮ ዘመን፣ ዕቃ ከሰው ጋር በሚነጋገርበት ዘመን፣ ወንዝ ዳር አንዲት መንደር ነበረች። በመንደሯም ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ። አንዷ አንጓች ትባላለች፣ አንዷ ስንዱ ትባላለች። አብረው ውሃ እየቀዱ፣ አብረው እንጨት እየለቀሙ አደጉና በአንድ ዓመት ተዳሩ። ቤታቸውም ጎን ለጎን ሆነ። በመካከላቸው የስንዱ ጓሮ ብቻ ነበር። በጓሮው አጥር ላይ ሰው የምታሾልክ አንዲት ሽንቁር ነበረች። አንጓች በዚያች ሽንቁር ሹልክ ብላ ገብታ «ምን ሠራሽ?» ትላለች። ስንዱም «አንቺን ስጠብቅ ወጡ አረረብኝ» ትላለች። እንዲህ ነበሩ።

የስንዱን ጓሮ ብታዩት! የጎመኑ ቅጠል ሰፌድ ያህላል። ድንች አለ፣ በቆሎ አለ፣ ቃሪያ አለ። ዱባው አጥሩ ላይ ወጥቶ መንገደኛ ያያል። በር በሩን ጤና አዳምና በሶብላ ነው። አንዲት ፍየል ነበረቻትና ፍጓን እየዛቀች መሬቱን ታለብሰዋለች። ልጅ ግን አልነበራትም። ሰባት ዓመት ጠበቀች፣ አልመጣም። ከዚያም ባሏ ሞተባት። ጉልበቷን ሁሉ ለጓሮዋ ሰጠች።

አንጓች ደግሞ ጓሮ የላትም። ቤቷ የተሠራው ድንጋይ ላይ ነው። ብትቆፍረው ብልጭ ይላል እንጂ አፈር አይገኝም። ባሏም ሰኔ ላይ ለአረም ሥራ ቆላ ወርዷል፣ ለመስቀል ነው የሚመለሰው። ሁለት ልጅ ወልዳ ሁለቱም ዓመት ሳይሞላቸው ሞተውባታል። ሦስተኛዋ በፋሲካ ማግስት ተወለደችና ፋሲካ አለቻት። አንጓች ይቺን ልጅ ስታጠባ ትንፋሿን ትሰማለች። ስትተኛም ትንፋሿን ትሰማለች። እናም አትተኛም ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ እጇን የልጅቷ ደረት ላይ አድርጋ፣ ከፍ ሲል ዝቅ ሲል እየቆጠረች ይነጋባታል።

በዚያ መንደር እትዬ ጠጄ የሚባሉ ሴትዮ ነበሩ። ክፉ አይደሉም። ምላሳቸው ብቻ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። አንድ ቀን ሐምሌ መግቢያ ላይ አንጓች ቤት ገቡና እሳት ዳር ተቀመጡ።

፦ ልጄ፣ ሁለቱን ቀብረሻል። ይቺን ጠብቂያት።

፦ ምን ላድርግ እትዬ? እየጠበቅኋት ነው።

፦ ለሁሉ አታሳዪያት። ልጅ ያላገኘች ሴት፣ ልጅ ስታይ ዓይኗ አያርፍም ይላሉ። ስም አልጠራሁም። እኔ ሰው አላማም።

አሉና በአገጫቸው ወደ ስንዱ ቤት አሳዩ። ከዚያም የቀረበላቸውን ቆሎ ዘግነው ሄዱ። አንጓች «ወሬ ነው» አለች። ወሬ ነው አለችና ልጅቷን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

በማግስቱ ከደጅ ድምፅ ተሰማ።

፦ ቤቶች!

፦ ማነሽ? ግቢ።

፦ ነይ ተቀበዪኝ፣ ዱባው አንገቴን ሊሰብረው ነው!

ስንዱ ናት። በራሷ ላይ እንቅብ ተሸክማለች። እንቅብ ታውቃላችሁ፣ እህል የሚሰፈርበት፣ ከሣር የተሰፋ ጎድጓዳው። ይሄኛው ራሷ የሰፋችው ነው፣ ከንፈሩ ዙሪያውን ቀይ ነው። ጎመን ሞልታበታለች፣ ድንች ሞልታበታለች፣ ከላይ ዱባ አስቀምጣለች። ሐምሌ ነው፣ መንደሩ ሁሉ ጎተራውን አራግፏል። አንጓች ዱባውን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ።

፦ ምነው ይሄን ሁሉ?

፦ ለአንቺ መሰለሽ? ለልጃችን ነው። አንቺ ካልበላሽ እሷ ምን ትጠባለች? እስቲ ልያት!

ስንዱ እጇን ዘርግታ ጎንበስ አለች። አንጓች ሳታስበው ነጠላዋን ሳብ አደረገችና የልጅቷን ፊት ሸፈነችው።

፦ በሩ ክፍት ነው፤ ብርድ እንዳይመታት ብዬ ነው፣ አለች።

ስንዱ የዘረጋችውን እጅ አየችው። ከዚያም ሰበሰበችው።

፦ ልክ ነሽ፣ የሐምሌ ብርድ ክፉ ነው። እንቅቡን ሲመችሽ ታመጪልኛለሽ።

፦ ቁጭ በዪ እንጂ!

፦ ፍየሏ ትጮሃለች፣ ብላ ወጣች። ፍየሏ ግን አልጮኸችም።

እንግዲህ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። በእኛ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ታውቁታላችሁ፣ ዕቃ አስይዤ ስልካችሁ አይታችኋል። ጎረቤት በሳህን ንፍሮ ከላከች ሳህኑ ታጥቦ ሲሄድ ቢያንስ አንድ ራስ ሽንኩርት ይዞ ይሄዳል። ባዶ መመለስ «ከእንግዲህ አትላኪልኝ» ማለት ነው። አንጓች ያንን ጎመን ስትበላ ሰነበተች። ወተቷ መጣ፣ ፋሲካም ጉንጯ ሞላ። ከዚያም ጎመኑ አለቀ፣ ድንቹ አለቀ፣ የዱባው ፍሬ እንኳ ተቆልቶ አለቀ። እንቅቡ ታጠበና ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። አንጓች ቤቷን ዞር ዞር ብላ አየች። እንቅቡ ላይ የሚደረግ ምንም የለም።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ልጅቷን ታቅፋ ቁጭ እንዳለች እንቅቡ ተናገረ።

፦ አንጓች፣ መልሺኝ እንጂ።

አንጓች አልደነገጠችም። ሳይተኙ ስንት ሌሊት ያነጉ ሰዎች አይደነግጡም።

፦ ምን ይዤ ልመልስህ? አለችው።

፦ እኔ ምን አውቃለሁ። የምታውቂው አንቺ ነሽ። እዚህ ተሰቅዬ ጭስ በላኝ። ከንፈሬ ቀይ ነበር፣ ጥቁር ሆነ።

፦ ባዶ ትሄዳለህ?

፦ ባዶስ አልሄድም! እኔ የማን ዕቃ ነኝ? ደግሞ ስንዱ ስታየኝ ምን ትላለች?

፦ እንግዲያው ዝም በል።

ዝም አለ። በማግስቱ ግን ጎህ ሲቀድ ያንኑ ደገመው። በሠልስቱም ደገመው።

አንጓች ተነሣችና ልጅቷን አዝላ ወንዝ ዳር ወረደች። ከድንጋዩ ሥር ሳማ በቅሏል። እየለበለባት ለጋ ለጋውን ቀነጠሰችና እንቅቡን ሞላችው። ክረምት ላይ ሳማ ይበላል፣ ነውር የለውም። ከዚያም መንገድ ጀመረች። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። ያቺን የጎመን እመቤት በዓይነ ልቦናዋ አየቻት። ቅጠሉ ሰፌድ የሚያህል ጎመን ላላት ሴት ሳማ? «ጎመንሽ ሳማ ነው ማለቷ ነው» ብትልስ? ፊቷ ጋለ። ሳማውን መንገድ ላይ ደፋችው። ከዚያም ቤቷ ገብታ እጇን እያከከች አለቀሰች።

እንቅቡ ከግድግዳው ላይ፦

፦ ሳማው እኔንም ለብልቦኛል፣ አለ።

ከዚያም ነሐሴ ገባ። አንጓች አንዲት ዶሮ ነበረቻት። ዶሮዋ መጣል ጀመረች። አንጓች ደስ አላትና እንቅቡን አውርዳ፣ ጭድ አንጥፋበት፣ ጥግ አስቀመጠችው። አንድ እንቁላል፣ ሁለት እንቁላል እያለች አጠራቀመች። ራሷ አልበላችም፣ ለእንቅቡ ነው። ስድስት ሲሞላ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። እግሯ ከበሩ ሲደርስ ትዝ አላት።

፦ ውይ! ፍልሰታ ነው ለካ!

፦ አሁን ነው የታወሰሽ? አለ እንቅቡ።

፦ ስንዱ ፍልሰታን ውሃ ሳትቀምስ ነው የምትውለው። በጾም እንቁላል ይዤ ልሂድባት? «ጾምሽን ፍቺ» ልበላት?

፦ እስኪፈታ ጠብቂያ።

ጠበቀች። እንቅቡን ከነእንቁላሉ ጥጉ ላይ ተወችው። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ዝናቡ ቤቱ ውስጥ ይገባል፣ እሷ ጎድጓዳ ዕቃ ሁሉ ጣሪያው ከሚያፈስበት ሥር ትደቅናለች። እንቁላሉን ረሳችው። ጾሙ በተፈታ ማግስት ወደ ጥጉ ብትሄድ፣ ዶሮዋ እንቅቡ ውስጥ ተቀምጣለች! ታቅፋው ሰንብታለች። አንጓች እጇን ስትሰድ ነከሰቻት። አንዱን አንሥታ በፀሐይ ብታየው እንቁላልም አይደለም፣ ጫጩትም አይደለም።

፦ አሁን ደግሞ ዶሮ ተቀመጠችብኝ፣ አለ እንቅቡ። ስንዱ ስትሰፋኝ ለዚህ አልነበረም።

፦ ይፈልፈሉ። ጫጩት ይዤላት እሄዳለሁ። ከእንቁላል ጫጩት አይበልጥም?

እንዲህ ብላ ልቧ ትንሽ ቀለል አላት። ልትስቅ ሁሉ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ሸለመጥማጥ በቀዳዳ ገባና ዶሮዋን ወሰዳት። እንቁላሉም ቀዝቅዞ ቀረ። አንጓች ቁጭ ብላ ጭዱን አየችው። ማልቀስ አማራት፤ ማልቀስም ጉልበት ይጠይቃልና ተወችው። እንቅቡን አጥባ መልሳ ሰቀለችው።

በዚያው ሰሞን «ባዶም ቢሆን ልሂድ፣ እግሯ ላይ ልውደቅ» ብላ ወደ ሽንቁሯ ሄደች። ሽንቁሯ የለችም። በግራር እሾህ ጥርቅም ተደርጋ ተዘግታለች።

፦ ዘጋችብኝ፣ አለች አንጓች። ተቀይማኛለች።

ተመለሰች።

የስንዱ ነገር ደግሞ እንዲህ ነበር። ሽንቁሯን የዘጋችው በጃርት ምክንያት ነው። ጃርት በዚያች ሽንቁር እየገባ ድንቿን ጨረሰባት፣ እሾህ ጠቀጠቀችበት። በአንጓች ላይ አልነበረም። እሾሁን ስትጠቀጥቅም «አንጓች ብትመጣ በበሩ ትመጣለች» ብላ ነበር። አንጓች ግን አልመጣችም። እንቅቡም አልመጣም። ስንዱ ጎመን መካከል ጉቶ ላይ ቁጭ ትልና ያቺ ነጠላ ሳብ ስትል ታያታለች። «ልጇን ከእኔ ሸፈነቻት። እንቅቤን ያልመለሰችውም ደጄን መርገጥ ፈርታ ነው» ትላለች። ጎመን ልላክላት ትልና፣ «ብትደፋውስ?» ትላለች። አንድ ሁለት ቀን ጎመን ቀንጥሳ እስከ በሩ ሄዳ ተመልሳለች። ከዚያም ጓሮዋ ሰለቻት። የማይበላ ጎመን ምን ያደርጋል? መኮትኮት ተወች። አረሙ ወጣ። ዱባው አጥሩ ላይ እንዳለ ከብዶት ወደቀና መሬት ላይ ቀረ።

ትሰማላችሁ? አንዷ አፍራ፣ አንዷ አዝና፣ በመካከላቸው ጎመን ቢጫ እየሆነ፣ ሕፃን እየከሳች ነሐሴ አለቀ። እኔ ይሄን ሳስብ ይደክመኛል። እሳቱን ቆስቁሱልኝ እስቲ።

ጳጉሜ ገባ። ዝናቡ አባራ፣ ሰማዩ ገለጥ ገለጥ አለ። አንድ ቀን ጧት አንጓች ጡቷን ለልጅቷ ሰጠች። ልጅቷ ሳበች። ምንም የለም። እንደገና ሳበች። ከዚያም ተወችው። አላለቀሰችም። አንጓች የፈራችው ይሄንን ነው። የፊተኞቹም ማልቀስ ሲያቆሙ ነበር የሆነው።

ተነሣች። ተቀመጠች። ተነሣች። ግድግዳው ላይ ያለውን እንቅብ አየችው።

፦ ዛሬ አትናገርም? አለችው።

፦ ምን ልበልሽ? አለ እንቅቡ። ጠይቄ ጠይቄ ደከመኝ።

፦ የምሞላብህ ነገር የለኝም። ዶሮም የለኝም፣ እንቁላልም የለኝም። ቤቴ ውስጥ ከዚች ልጅ በቀር ምንም የለም።

የተናገረችው ነገር ለራሷ ተሰማት።

አወረደችው። ነጠላዋን አጠፈችና ውስጡ አነጠፈችው። ልጅቷን አስተኛችበት። ልትሸፍናት የነጠላውን ጫፍ አነሣችና፣ ቆም ብላ፣ መልሳ ለቀቀችው። ከዚያም እንቅቡን በሁለት እጇ ታቅፋ ወጣች። መንደሩን በላይ በኩል ዞራ በበሩ ሄደች። መንገድ ላይ ሁለቴ እንቅቡን ይዛ ቁጭ ብላ ተነሣች።

ስንዱ ጓሮዋ ውስጥ ጉቶዋ ላይ ተቀምጣለች። አንጓች ከጤና አዳሙ አጠገብ ቆመች። ጓሮውን አየችው። አላወቀችውም። ጎመኑ ቢጫ ሆኗል፣ የበቆሎው እሸት ደርቋል፣ አረሙ እስከ ጉልበት ነው። ያ ሁሉ ምግብ መሬት ላይ ወድቋል።

፦ ስንዱ፣ አለች።

ስንዱ ቀና አለች። ያየችው እንቅቡን ብቻ ነው።

፦ መጣሽ? እዚያው በሩ ላይ አስቀምጪውና ሂጂ።

፦ ባዶ አይደለም።

፦ ምን አስቸገረሽ? ሙዪልኝ አልኩሽ? እኔ ከአንቺ ምን ፈልጌ አውቃለሁ?

በዚህ ጊዜ እንቅቡ ውስጥ ልጅቷ ድምፅ አሰማች። ልቅሶ አይደለም፣ እንደ ድመት ግልገል ያለ ትንሽ ድምፅ ነው። ስንዱ ብድግ አለችና ፊቷን ወደ በቆሎው አዞረች።

፦ ልጅቷን ነው ያመጣሽው? ሸፍኛት! ሸፍኛት እኔ አላይም! አንድ ነገር ብትሆን በእኔ ነው የሚሉት። ሰባት ዓመት የሰው ልጅ እንዳላይ መሬት መሬቱን እያየሁ ነው የሄድኩት። አንቺ ብቻ ነበርሽ የቀረሽኝ። አንቺም ሸፈንሽብኝ።

፦ ብርድ ነው ብዬ…

፦ ብርድ ነበር?

ከበቆሎው ላይ አንዲት ወፍ ተነሥታ ሄደች።

፦ አልነበረም፣ አለች አንጓች። ብርድስ አልነበረም። እትዬ ጠጄ አንድ ነገር አሉኝና ፈራሁ። ሁለቱን ቀብሬያለሁና ፈራሁ። ከዚያም እንቅቡ ባዶ ሆነና አፈርኩ። ፈራሁና አፈርኩ፣ አፈርኩና ፈራሁ፤ ክረምቱ አለቀ። ሳማ ለቀምኩልሽ፣ አፍሬ ደፋሁት። እንቁላል አጠራቀምኩልሽ፣ ዶሮዋ ታቀፈችው።

፦ ምን?

፦ ታቀፈችው። እንቅብሽ ውስጥ ገብታ።

ስንዱ ፊቷን እንዳዞረች ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ከኋላ አይታወቅም።

፦ ዛሬ ከዚች ሌላ የምሞላበት አጣሁ፣ አለች አንጓች። ገልጬ ነው ያመጣኋት። እዪያት ስንዱ። እኔ ደክሞኛል።

ስንዱ ቆመች። ቆመች፣ ቆመች። ከዚያም ዞረች። መጀመሪያ የእንቅቡን ከንፈር አየች፣ ከዚያ ነጠላውን፣ ከዚያ ትንሿን እጅ። ከዚያም ፊቷን አየች። ሰባት ዓመት ያጠራቀመችውን ማየት ሁሉ አንድ ጊዜ አየች። ፋሲካም አየቻት። ዓይኗን አልነቀለችም።

ስንዱ «እንዴት ታምራለች» አላለችም። ያለችው እንዲህ ነው፦

፦ ክንዷ ቀጥኗል። አንቺ፣ መቼ ነው የበላሽው?

፦ ትናንት… እንጃ።

፦ መቼ ነው የተኛሽው?

አንጓች መቁጠር ጀመረችና ጠፋባት።

፦ ነይ ወዲህ፣ አለች ስንዱ። እንቅቡን ስጪኝ። ነይ አልኩሽ እኮ!

ከዚያም ስንዱ ሮጠች። ከክረምቱ ወዲህ ሮጣ አታውቅም። የፍየሏን ወተት አልባ አፈላችው። አቀዘቀዘችና በጣቷ እያደረገች ልጅቷን አስላሰቻት። አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት። ፋሲካ በሦስተኛው ጣቷን ያዘችና ጠባችው። ስንዱ «ነከሰችኝ!» ብላ ጮኸች። ጥርስ እንኳ የላትም።

አንጓች ደግሞ በቆሎው ሥር ሰሌን ተነጠፈላት። ድንችና ጎመን በቁና ሙሉ ቀረበላት። ግማሹን ሳትጨርስ፣ ድንቹ እጇ ላይ እንዳለ፣ ራሷ ወደ ጎን ዘመም አለ።

፦ ልጅቷ ትንፋሿን… አለች። እጅ ደረቷ ላይ ካልሆነ…

፦ እጅ አለኝ፣ አለች ስንዱ። ተኚ።

ተኛች።

አንጓች ስትነቃ ጀንበር አዘቅዝቃለች። መጀመሪያ የት እንዳለች አላወቀችም። የበቆሎ ቅጠል ይንሿሿል። ወደ ጎኗ ዞር አለች። እንቅቡ አጠገቧ ነው። ውስጡ ነጠላው አለ። ልጅቷ የለችም።

ባዶ ነው።

እጇ ነጠላውን አነሣ፣ ከሥሩ ፈለገ፣ ምንም የለም።

፦ ልጄስ? አለችው እንቅቡን። ንገረኝ! ልጄን የት አደረሳችኋት?

እንቅቡ አልመለሰም። ነቀነቀችው። ዝም። የስንደዶ ዕቃ ብቻ ነው። ለካ እንቅልፍ የጠገበ ሰው ዕቃ አይሰማም።

ልትጮህ አፏን ስትከፍት ከጎመኑ መካከል ድምፅ ሰማች። የስንዱ ድምፅ ነው። ጎንበስ ብላ አረም ትነቅላለች። ጀርባዋ ላይ ፋሲካ ታዝላለች። ስንዱ እየነቀለች ታወራላታለች።

፦ ይሄ ጎመን ነው። ይሄ አረም ነው። ለይተሽ እወቂ። እናትሽ ልጅ ሳለች አይለይላትም ነበር። አረሙን ትታ ጎመኔን ነቅላ «አረምኩልሽ» አለችኝ። አንቺ እንደ እሷ እንዳትሆኚ።

፦ እኔ ሁለት ብቻ ነው የነቀልኩት! አለች አንጓች ከሰሌኑ ላይ።

፦ አምስት ነው! አለች ስንዱ ቀና ሳትል። ዝም በዪ፣ ተኝታለች።

አንጓች አፏን ዘጋች። ተመልሳ ጋደም አለች። የልጅቷን ትንፋሽ ልትቆጥር ፈለገች፣ ሩቅ ነው፣ አይሰማም። ከዚያም ተወችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው ቆጠረላት።

ሲመሽ ልትሄድ ተነሣች። ስንዱ እንቅቡን ተቀበለቻት፣ ነጠላውን አወጣች፣ ጎመን ሞላችበት፣ ድንች ሞላችበት።

፦ አንቺ ባዶ አልመለስሽልኝም፣ እኔስ ባዶ እሰጥሻለሁ? አለች። ነገም እንዳመጣጥሽ አምጪልኝ። እንደዛሬው ሞልተሽ።

ልጅቷ በአንድ ቀን አልዳነችም። ተረት ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ጳጉሜን ሙሉ አንድ ቀን ደህና፣ አንድ ቀን ፍርሃት ሆኖ አለፈ። እንቅቡም ጧት ልጅ ይዞ ይሄዳል፣ ማታ ጎመን ይዞ ይመለሳል። አንጓች ቀን ቀን በቆሎው ሥር ትተኛለች። ወተቷ በአራተኛው ቀን መጣ። መስከረም ሲጠባ ፋሲካ ጮክ ብላ አለቀሰች። ሁለቱ ሴቶች ልቅሶዋን ሰምተው ተቃቅፈው ሳቁ። ስንዱ በዚያው ቀን የሽንቁሯን እሾህ አነሣች። ጃርቱስ? ጃርቱማ ተመልሶ ገባ። ድንች ይበላል። ይብላ አሉት።

እትዬ ጠጄ ይሄን አይተው ወደ አንጓች መጡ።

፦ ልጄ፣ ሕፃኗ እዚያ ቤት ናት የሚሉት እውነት ነው?

፦ እውነት ነው እትዬ። እንቅቡ ውስጥ ናት።

፦ ኧረ ተይ! ዓይን እኮ…

፦ ዓይንማ በደንብ እያያት ነው። እኔ ስተኛ የምታይልኝ እሷ ናት። እርስዎ ያዩልኛል?

እትዬ ጠጄ ወገባቸውን ያዙ። ወገቤን ያመኛል ማለታቸው ነው። ስንዱም ከአጥሩ ማዶ ሰምታ ኖሮ፣

፦ እትዬ፣ ዱባ ልስጥዎት? አለች።

፦ እንግዲህ ካልሽ… አሉና ተቀበሉ። ትልቁን ነው የሰጠቻቸው። ታቅፈውት እስከ ቤታቸው ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከብዷቸዋል።

ፋሲካም አደገች። በሁለት ቤት በላች፣ በሁለት ጀርባ ታዘለች። ጎመንና አረምም ትለያለች ይባላል። እንቅቡ እስኪያረጅ ድረስ በሽንቁሯ ወዲያና ወዲህ ሲል ኖረ። አንድም ቀን ባዶውን አልሄደም።

ይኸው ነው። ተረቴን መልሱልኝ፤ ባዶውን ግን አትመልሱ። ዳቦ ካለ አፌን በዳቦ አብሱ። ዳቦ ከሌለ የተቀቀለ ድንችም አፍ ያብሳል። እሱም ከሌለ… ያው፣ ነቃ፣ ሰማችሁት? እንግዲያው ሕፃኑን ያዙልኝ። ዓይናችሁን ሳትነቅሉ እዩልኝ። እኔ እዚሁ ጎኔን ላሳርፍ።